የመድኃኒት አተላ

ጥር 14 ቀን፣ የአድአ አውድማ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከቢሾፍቱ ወጣ ብለው የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ ሄድኩ። እትዬ አራት ላሞች አሏቸው፤ ጠላ ጠምቀውና ወተት ሸጠው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ የእንስሳት መኖ ትምህርቴን በቻይና፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር ጨርሼ የተመለስኩት በቅርብ ነው። የዓመቱ የጤፍ ጭድ ከጓሮ ተከምሮ ነበር። ከክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን የተጨዋወትነውን ለሌላም ከብት አርቢ ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

እትዬ፦ ያን ሁሉ ዓመት አገር አቋርጠህ የተማርከው ስለ ጭድ ነው አሉኝ። እውነት ነው?

እኔ፦ እውነት ነው እትዬ።

እትዬ፦ ጭድማ ይኸው። ከዚህ የበለጠ ምን ሊያሳዩህ ነው?

እኔ፦ እነሱም በብዛቱ ተቸግረዋል። የስንዴው ጭድ፣ የሩዙ ገለባ፣ የበቆሎው አገዳ ከአዝመራ በኋላ ማሳ ላይ እየተቃጠለ ሰማያቸውን በጭስ ሲሸፍነው ኖሯል። መንግሥታቸው ማቃጠሉን ስለከለከለ ጭዱን ወደ ከብት ሆድ የሚመልስ መንገድ ይፈልጋሉ። ካየሁት ሁሉ ልቤን የያዘው ታዲያ አንድ ነገር ነው፤ ጭዱን ከመድኃኒት አተላ ጋር አምቆ ማብላላት።

እትዬ፦ መድኃኒት ደግሞ አተላ አለው?

እኔ፦ አለው። ጋንሱ ውስጥ ሎንግሺ የምትባል ወረዳ አለች፤ ሁዋንግቺ በሚሉት ሥር የታወቀች ናት። ተክሉ የአተርና የባቄላ ዘመድ ነው፤ ሥሩን ለብርታት ይጠጡታል። ድሮ እያንዳንዱ ቤት በሸክላ ነበር የሚያፈላው። አሁን ፋብሪካው ሥሩን ከትፎ በትልቅ የብረት ጋን ሁለት ሦስት ጊዜ በውሃ ይቀቅለዋል፤ ውሃውን አጥልሎ፣ አትንኖ፣ ክኒንና ሽሮፕ ይሠራበታል። ሥሩ ራሱ ግን ይደፋል። በመላ አገሪቱ እንዲህ የሚደፋው የሥር፣ የቅጠልና የልጥ አተላ በዓመት በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ነው።

እትዬ፦ እንጨቱ ይደርቅና ይማገዳላ!

እኔ፦ እርጥብ ነው እኮ። ከመቶ ኪሎው ሰባውም ሰማንያውም ውሃ ነው። ለማቃጠል መጀመሪያ ሊያደርቁት ነው፣ ማድረቅም ነዳጅ ይበላል። ቢያከማቹት በሙቀት ወራት በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ፍሳሹ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ቢቀብሩት መሬት ይሻማል። ስለዚህ ለእነሱ የሚያስከፍል ዕዳ ነው።

እትዬ፦ ተቀቅሎ ካለቀ በኋላ ምን ቁም ነገር ይቀርበታል?

እኔ፦ ይህን ሲጠይቁኝ ትዝ የሚለኝ የወባ መድኃኒቱ ነው። ያ እርስዎም ወንጂ ታመው ሳሉ የዋጡት ቢጫ ክኒን።

እትዬ፦ ኮአርተም? እሱማ አዳነኝ።

እኔ፦ አገራችን ያን መድኃኒት ለወባ ሕክምና የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መነሻው የቻይና ቅጠል ነው፤ ከጭቁኝ ጋር አንድ ወገን የሆነ። የመድኃኒት ተመራማሪዋ ቱ ዮዮ ከቅጠሉ ፍሬ ነገሩን ለይተው በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ከመቶ ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚገኘው መድኃኒት አንድ ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ዘጠና ዘጠኙ ኪሎ የት ገባ?

እትዬ፦ ተደፋ።

እኔ፦ ወይ ተደፋ፣ ወይ ተቃጠለ፣ ወይ ፍግ ሆነ። ለመድኃኒት ቀማሚው ቅጠሉ አልቋል። ለመኖ ሰው ግን አላለቀም፤ ሊፈጭ የሚችል ጭረት አለው፣ ትንሽ ፕሮቲን አለው፣ መቀቀሉ ያልጨረሰው የመድኃኒቱ ርዝራዥም አለው።

እትዬ፦ ቆይ፣ የራሴን ነገር ልንገርህ። ጠላው ተጠልሎ ካለቀ በኋላ ከጋኑ ሥር የሚቀረውን አተላ እኔ ደፍቼ አላውቅም። ለላሞቹ ነው። አተላ የበላች ላም ወተቷ ይጨምራል፤ ይህን ከእናቴ ነው የወረስኩት። አንተ ቻይና ሄደህ ያየኸው ይኸው ነው ማለት ነው?

እኔ፦ በትክክል እሱ ነው። ለዚህ ነው ስሙን የመድኃኒት አተላ ያልኩት።

እትዬ፦ ታዲያ ለምን እንደ እኔ በቀጥታ አያበሉትም? ከጭድ ጋር አምቆ ማብላላት ምን አመጣው?

እኔ፦ ከጭዱ እንጀምር። እርስዎ ጭድ ብቻ የምትበላ ላም በየካቲትና በመጋቢት እንዴት እንደምትሆን ያውቃሉ።

እትዬ፦ ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ጎኗ ግን ይቆጠራል። ሞልታ ትራባለች።

እኔ፦ ምክንያቱ ይኸውልዎ። ከመቶ ኪሎ የጤፍ ጭድ ውስጥ ፕሮቲኑ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሰባ ኪሎ ያህሉ ጠንካራ የግድግዳ ጭረት ነው። ጭዱን የሚፈጩላት በሆዷ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱ ጭዱን ይበላሉ፣ እሷ እነሱን ትበላለች። ለእነዚያ ተሕዋስያን ከመቶው ቢያንስ ሰባት ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ሲጎድል ሥራቸው ይዘገያል፣ ጭዱ ሆዷ ውስጥ ይቆያል፣ ላሚቱም ለተጨማሪ መኖ ቦታ ታጣለች።

እትዬ፦ ለዚህ ነዋ ፋጉሎና ፉርሽካ የምንለው። ዋጋው ነው እንጂ ያቃተን።

እኔ፦ ሌላው የጭዱ ችግር በራሱ አለመብላላቱ ነው። የበቆሎ አገዳ እሸቱ እያለ ከትፈው ጉድጓድ ውስጥ ቢያምቁት ይኮመጥጥና ዓመት ይቆያል። ሳይሌጅ የሚባለው እሱ ነው።

እትዬ፦ የጉራጌ ጎረቤቴ ቆጮ እንዴት እንደሚቀበር አሳይታኛለች። የእንሰቱን ፍቅፋቂ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ በቅጠል ሸፍነው፣ ድንጋይ ይጭኑበታል። ያው አይደለም?

እኔ፦ ራሱ ነው። የእንሰት እናቶች ሳይሌጅ የሚለው ቃል ወደ አገራችን ሳይገባ ሕጉን ያውቁታል፦ አየር አውጣ፣ ጠቅጥቅ፣ ክደን፣ ታገስ። አየር ሲጠፋ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ዓይነት ተሕዋስያን ስኳሩን ይበሉና አሲድ ያወጣሉ። ኮምጣጣነቱ የሚለካው ፒኤች በሚባለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በወረደ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል። ወደ 4.2 አካባቢና ከዚያ በታች ሲደርስ አበላሾቹ መራባት አይችሉም። ፊንላንዳዊው አርቱሪ ቪርታነን ይህን ኮምጣጣነት ቶሎ ለማምጣት በመኖው ላይ በቀጥታ አሲድ የሚጨመርበትን ዘዴ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ተሸልመዋል።

እትዬ፦ ታዲያ ጭዱ ለምን እንቢ ይላል?

እኔ፦ በአራት ነገር። አንደኛ ደረቅ ነው፤ ከመቶው ውሃው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ብቻ ነው፣ መብላላት ደግሞ ስድሳና ሰባ ይፈልጋል። ሁለተኛ ስኳሩ ፍሬው ውስጥ ገብቶ አልቋል። ሦስተኛ አኮምጣጮቹ ተሕዋስያን በደረቅ ጭድ ላይ ጥቂት ናቸው። አራተኛ ጭድ ባዶ ቱቦ ስለሆነ ሲረግጡት ተመልሶ ይነሣል፤ አየር ይይዛል። ዝም ብለው ውሃ አርከፍክፈው ቢቀብሩት ይሻግታል፣ ወይም ያን የተበላሸ ቅቤ ሽታ ያመጣል።

እትዬ፦ ያን ሽታ ላሚቱም ትጠላዋለች።

እኔ፦ መጥላቷ ልክ ነው። ከአፈርና ከበረት ቆሻሻ የሚገቡ ተሕዋስያን ሥራ ነው፤ አኮምጣጮቹ ቀድመው ካልያዙት እነሱ ይይዙታል። እንግዲህ የመድኃኒቱ አተላ እዚህ ላይ ይመጣል። ጭዱ ውሃ ይጎድለዋል፣ አተላው ውሃ ተርፎታል። አንዱ ሲደርቅ አንዱ ሲበሰብስ የኖሩ ሁለት ጥሎች ናቸው፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

እትዬ፦ ልኩስ?

እኔ፦ በሒሳብ ላሳይዎ። መቶ ኪሎ ጭድ ውስጥ ዘጠና ኪሎ ደረቁ ነው፣ አሥሩ ውሃ። ከመቶ ሰባ አምስት ውሃ ያለው አተላ መቶ ሃያ ኪሎ ቢጨምሩ፣ ከእሱ ደረቁ ሠላሳ ኪሎ ነው። ሰማንያ ሊትር ውሃ ያርከፈክፉበታል። ድምሩ ሦስት መቶ ኪሎ፤ ከዚህ ውስጥ ደረቁ መቶ ሃያ። ስለዚህ ከመቶው ስድሳ ውሃ ሆነ ማለት ነው፣ አተላውም ከደረቁ ሩቡን ያዘ።

እትዬ፦ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን ከጉድጓዴም እቀዳለሁ። አተላው ሌላ ምን ሠራ?

እኔ፦ እትዬ፣ ጠላ ሲጠምቁ ጌሾ የሚጨምሩት ለምንድን ነው?

እትዬ፦ ጌሾ ከሌለው ጠላ አይሆንማ! ምሬቱ አለ፤ ደግሞም ጌሾ ያነሰው ጥንስስ ይበላሻል፣ ይበጣበጣል። ጋኑንም በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ነው የምጠነስሰው። ካልታጠነ ቶሎ ይኮመጥጣል።

እኔ፦ ይኸው! ጌሾው፣ ግራዋውና የወይራው ጭስ አንድ ሥራ አላቸው፤ ጋኑ ውስጥ ማን እንዲያሸንፍ ይመርጣሉ። አንዱን ተሕዋስ ያዳክማሉ፣ ሌላው መንገድ ያገኛል። በመድኃኒት ሥርና ቅጠል ውስጥም ሻጋታንና አበላሾችን የሚከላከሉ ነገሮች አሉ፤ ተክሉ ራሱን ከበሽታ ለመጠበቅ የሠራቸው ናቸው። ከተቀቀለ በኋላም ርዝራዡ ይቀራል። በልኩ ሲገባ በጉድጓዱ ውስጥ እንደ ጌሾ ይሆናል፦ ሻጋታውንና የቅቤ ሽታ አምጪውን ይገታል፣ እርጎ ሠሪዎቹ እንዲቀድሙ ያግዛል።

እትዬ፦ አሁን ገባኝ። ግን ልጄ፣ ጌሾ ሲበዛስ? ጌሾ የበዛበት ጠላ አይፈላም፣ ይዘገያል። መድኃኒትህ ክፉውን ገድሎ ደጉን ይምራል ያለህ ማነው?

እኔ፦ ይህን ጥያቄ ትምህርት ቤት ውስጥ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እርስዎ ካሉት አይለይም፤ ሲበዛ ሁሉንም ይገታል፣ ኮምጣጣነቱ አይመጣም። ሁለተኛም ላሚቱ ሆድ ውስጥ ያሉትን ፈጪዎች ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተክል ልኩ በሙከራ ነው የሚታወቀው። የሁዋንግቺው ልክ ለሌላው ሥር ልክ አይሆንም።

እትዬ፦ ስኳሩስ? ጭዱ ስኳር የለውም ብለሃል።

እኔ፦ እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። አተላው ስኳር ይጨምራል ይላሉ፤ ግን ሲቀቀል ጣፋጩ አብዛኛው ከውሃው ጋር ወደ መድኃኒቱ ሄዷል። የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለመቶ ኪሎ ጭድ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሞላሰስ መጨመር ይሻላል፤ እርስዎ ደግሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቅርብዎ ነው። የአኮምጣጭ ተሕዋስያን እርሾም የሚጨምሩ አሉ፤ ከእነሱ ታዋቂው ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ይባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወገን ስሙ ተቀይሯል። ያው በእርጎም በኮመጠጠ አትክልትም ውስጥ የሚገኝ ነው።

እትዬ፦ እንግዲህ አተላ፣ ሞላሰስ፣ ውሃ፣ እርሾ። ይህን ሁሉ ይዞ ጭዱ ፋጉሎ ይሆናል?

እኔ፦ አይሆንም። ይህን ሳልነግርዎ ብቀር እበድልዎ ነበር። አተላው ፕሮቲን ቢጨምር በትንሹ ነው። የጭዱንም ጠንካራ ጭረት አይሰብረውም፤ መኮምጠጡ ለስለስ ያደርገዋል፣ ሽታውን ያሳምራል፣ ላሚቱ ቶሎ ትበላዋለች፣ በትንሽ መጠንም ይፈጭላታል። ጉድለቱን የሚሞላው ግን አሁንም ፋጉሎ፣ አልፋልፋ ወይም የአተርና የባቄላ ገለባ ነው። በቻይና ጭዱን ከአልፋልፋ ጋር ሲያምቁትም አይቻለሁ፤ እዚያ ላይ አንዳንዱ አተላ ሌላ ጥቅም አለው። ሻይ ምላስን የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገር ካለበት የአልፋልፋውን ፕሮቲን ይይዘዋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቶሎ እንዳይበታተን ይጠብቀዋል። ለባዶ ጭድ ግን ይህ ብዙም ፋይዳ የለው፤ የሚጠበቅ ፕሮቲን የለማ።

እትዬ፦ የግብርና ልጆች ዩሪያ አርከፍክፉበት ይላሉ። እሱስ?

እኔ፦ እሱ ሌላ መንገድ ነው፣ ጥሩ መንገድም ነው። ለመቶ ኪሎ ጭድ አራት ወይም አምስት ኪሎ ዩሪያ በውሃ አሟሙተው፣ አርከፍክፈው፣ ሦስት ሳምንት ይከድኑታል። ዩሪያው አሞኒያ ይሆንና የጭዱን ግድግዳ ያላላዋል፣ ለሆዷ ተሕዋስያንም ናይትሮጅን ይሰጣል። ግን አሞኒያ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው። ያ አሠራር ፒኤቹን ወደ ላይ ይወስዳል፣ ሳይሌጅ ደግሞ ወደ ታች። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለቱንም ቢከቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አንዱን መምረጥ ነው።

እትዬ፦ አሁን ፍርሃቴን ልንገርህ። መድኃኒት እኮ መርዝም ነው። የእኛ አዋቂዎች ኮሶን የሚሰጡት በልክ ነው፤ ልኩን የሳተ ሰው ይጥላል። የማላውቀውን የሰው መድኃኒት አተላ ለላሜ ሰጥቼ፣ ወተቱን ልጅ ቢጠጣውስ?

እኔ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ሕግ ተክሉን በስሙ ማወቅ ነው። በቻይና ፉዝ የሚሉት ሥር አለ፤ በጥንቃቄ ካልተቀቀለ ልብ የሚያቆም መርዝ ያለበት። የእሱ አተላ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ከመጣ ማን ይለየዋል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ለመቅጠን የቻይና ቅጠል መድኃኒት የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጪ ሆኗል፤ ኩላሊት የሚጎዳ አሲድ ያለበት ተክል በቅመማው ገብቶ ነበር። የተጎዱት በተክል መድኃኒትነቱ ሳይሆን በስም መደበላለቅ ነው።

እትዬ፦ እግዚአብሔር ያውጣን። ሁለተኛውስ?

እኔ፦ ሁለተኛው በምን እንደወጣ ማወቅ ነው። በውሃ የተቀቀለ አተላ አለ፤ በአልኮል ወይም ከነዳጅ በሚገኝ ፈሳሽ የታጠበም አለ። ያ የወባው ቅጠል በፋብሪካ የሚታጠበው ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ ፈሳሽ ነው። የፈሳሹ ቅሪት ተለክቶ ንጹሕ መሆኑ ካልታወቀ ለከብት አይቀርብም። ሦስተኛው ትኩስነቱ ነው። አተላው በወጣበት ቀን ወይም በማግስቱ ካልታመቀ ሻጋታው ቀድሞ ይይዘዋል። የሻጋታ መርዝ ደግሞ ቢኮመጥጥም አይጠፋም፤ በወተትም ሊያልፍ ይችላል። አራተኛው የእርጉዟና የታላቢዋ ላም ነገር ነው፤ በእነሱ አይጀመርም። በሚሸጥ ወይፈን፣ በጥቂቱ፣ ቀስ በቀስ ይጀመራል።

እትዬ፦ አንተ ሳትደብቀኝ ስለምትናገር ነው የምሰማህ። ግን ይህን ያህል ስጋት ካለው ሰዎቹ ለምን ይደክማሉ?

እኔ፦ አንዱ ምክንያት አተላው በራሱ ችግር መሆኑ ነው፤ ነግሬዎታለሁ። ሌላው ትልቅ ነገር አለ። የዓለም ከብት አርቢ ለብዙ ዓመት እንስሳቱ ቶሎ እንዲያድጉ አንቲባዮቲክ በመኖ ሲቀላቅል ኖሯል። ውጤቱ መድኃኒት የማይበግራቸው ጀርሞች መፈልፈል ሆነ፤ ነገ ልጅ ሲታመም መድኃኒቱ አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2006 ጀምሮ ከለከለው። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ለማሳደጊያ የሚጨመረውን ከመኖ ፋብሪካ አስወጣች። ስለዚህ የከብቱን ሆድ ጤና በሌላ መንገድ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ዓይናቸው ወደ ገዛ መድኃኒታቸው፣ ወደ ቅጠሉና ወደ ሥሩ ዞረ።

እትዬ፦ እንግዲህ አተላውን የበላች ላም አትታመምም ልትለኝ ነው?

እኔ፦ እንዲህ የሚል ሰው ከመጣብዎ አይመኑት። መኖ መኖ ነው። የታመመች ላም የእንስሳት ሐኪም ነው የሚያያት።

እትዬ፦ ጥሩ። አሁን የእኔን ጎን እንይ። እኔ ሁዋንግቺ የለኝ፣ ፋብሪካው የለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብኝ።

እኔ፦ ሥሩ የለም፣ ሐሳቡ ግን አገር አለው። ወንዶ ገነት የሽታና የመድኃኒት ተክሎችን የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ጠጅ ሳር፣ የጥብስ ቅጠልና ሌሎችም ለሽታ ዘይት ይነጠራሉ። ከመቶ ኪሎ እርጥብ ጠጅ ሳር የሚወጣው ዘይት አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም፤ በእንፋሎት የበሰለው ሳር ይቀራል። በእንፋሎት ብቻ የወጣ፣ ስሙ የታወቀ፣ አንድ ዓይነት ተክል፤ ቀደም ብዬ ከነገርኩዎ ሕጎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚያሟላ ነው። በሲዳማና በጌዴኦ የቡና ማጠቢያዎች አጠገብም የቡና ገለፈት ክምር አለ። እሱም ይታመቃል፤ ካፌይንና ታኒን ስላለበት ግን ከመኖው ከፊሉን ብቻ፣ በጥቂቱ ነው የሚሰጠው። ወደ ወንዝ ከሚወርድ ይሻላል።

እትዬ፦ ሁሉም ከእኔ ሩቅ ነው። አንተ የቅርቡን ዘለልክ።

እኔ፦ የቱን?

እትዬ፦ አተላዬን ነዋ! ጌሾው በውስጡ አለ። ብቅሉና ቂጣው ተርፎ አለ። እርጥብ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ከጋኑ ሳወጣው ስሙን አውቃለሁ፣ ማን እንደጠነሰሰው አውቃለሁ፤ ራሴ ነኛ። ላሞቻችን ከእናቴ ዘመን ጀምሮ በልተውታል። አንተ ያልካቸው ሕጎች ሁሉ ተሟሉ አይደለም?

እኔ፦ እትዬ፣ እኔ ሳልዘለው አልቀረሁም። ዓመታት ሌላ አገር የሌላ ሰው አተላ ስመዝን የእርስዎን ረስቼው ነበር። የቢራ ፋብሪካ አተላን ከጭድ ጋር ማመቅ በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ የጠላው ደግሞ ጌሾ አለው።

እትዬ፦ በየሳምንቱ ስጠምቅ አንዳንዴ አተላው ይበዛል፣ ላሞቹ ሳይጨርሱት ይበላሻል። እሱን ማቆየት ከቻልን ለመጋቢት ይደርስልናል። ዛሬ እንሞክር። ወፍራም ላስቲክ ከቤት አለ።

እኔ፦ ጭዱን በጣት አንጓ ያህል አሳጥረን እንክተፈው፤ ረጅሙ አየር ይይዛል። በአንድ ላስቲክ ጭድ፣ አተላና ሞላሰስ እናድርግ። በሌላው ጭድ፣ ውሃና ሞላሰስ። ሁለቱን ስናወዳድር አተላው ምን እንደጨመረ እናያለን።

እትዬ፦ ሦስተኛም ያስፈልጋል። ጭድና ውሃ ብቻ።

እኔ፦ እሱ እንደሚበላሽ እናውቃለን እኮ፤ ጭዱን ለምን እናጠፋለን?

እትዬ፦ አንተ ታውቃለህ፣ ጎረቤቴ አታውቅም። ነገ መጥታ ሁለቱም ጥሩ ሸተቱ ብላ፣ አተላውም ሞላሰሱም ጥቅም የለው፣ ጭድ ከውሃ ጋር ቢከደን በራሱ ይሆናል ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ? ባዶው አጠገቡ ከሌለ ማን ይመሰክራል? ክርክር ያለ ምስክር አይቆምም።

እኔ፦ እኛም ትምህርት ቤት የምንጀምረው በእሱ ነው፤ ዛሬ ረሳሁት። እሺ፣ ሦስት ይሁን። ሦስቱም ከአንድ ክምር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ።

እትዬ፦ መቼ ይከፈታል?

እኔ፦ አርባ አምስት ቀን እንስጠው። ዛሬ ጥር 14 ነው፤ የካቲት 29 እንከፍታለን። መጀመሪያ እናሸታለን፤ የእርጎ ወይም የኮምጣጤ ሽታ ከሆነ ደግ ነው፣ የተበላሸ ቅቤ ከሆነ ወደ ፍግ ጉድጓድ። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ ይሁን እንጂ የጠቆረና የሟሟ አይሁን። እኔ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። ሻጋታ ያለበት ለማንም አይሰጥም፣ ለአህያም ቢሆን።

እትዬ፦ እኔ ደግሞ ያልተበላሸውን ሁሉ ለወይፈኔ በተራ አቀርብለታለሁ። ምላሱ ከወረቀትህ ቀድሞ ይናገራል። አሁን ተነሥ፣ ጭዱን ከትፈን ላስቲኩን እንሙላ፤ ከዚያ ጫማህን አውልቅና ግባበት።

እኔ፦ በቂ ጠቀጠቅን መሰለኝ እትዬ።

እትዬ፦ መሰለኝ አትበል፤ እግርህ ሥር አሁንም ይተነፍሳል፣ ይሰማኛል። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ጌሾውም ሞላሰሱም አየር ከገባበት ከንቱ ነው። ከጠርዙ ጀምረህ ወደ መሐል ርገጥ። እንዲያ። አሁን አፉን አጥፈህ ያዝልኝ፣ እኔ ልሰር። በሦስቱም ላይ ቀኑን ጻፍ፤ በባዶው ላይ ደግሞ ምስክር ብለህ ጻፍበት።